የአትጠገብ የውኃ መንገድ ስንቅ

የአትጠገብን ማረፍ የሰማሁት ቢቸና፣ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ሳለሁ ነው። ድሮ መርዶ በሽማግሌ አፍ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ደጅ ተንኳኩቶ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ ሽንኩርት እየከተፉ በስልክ ይመጣል። ልጄ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችኝ። "ማን ናት?" አልኳት፤ ሴት መሆኗን በምን እንዳወቅኩ እንጃ። "እማማ አትጠገብ" አለችኝ። የቀረውን ሽንኩርት ከትፌ ጨረስኩ። ምን ላድርግ? እጅ የጀመረውን ይጨርሳል።

በግንደወይን አድርጌ ሞጣ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ደግነቷን ያወራል። ደግስ ነበረች። ግን ደግ ሰው ብዙ ነው፤ ደግ ሁሉ ደግሞ አይታወስም። እኔ አትጠገብን የማስታውሳት ዕቃ ስታስር ነው። ቋጠሮውን በጥርሷ ታጠብቅና ጥቅሉን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትመዝነዋለች፤ ሕፃን ተቀብላ ክብደቱን በክንዷ እንደምታውቅ አዋላጅ።

አትጠገብ የሞጣ ሰው አልነበረችም። እኔም አይደለሁም፤ እኔን ትዳር ከቢቸና አመጣኝ፣ እሷን ከጣና። ከደሴቶቹ በአንዷ ነው የተወለደችው። አባቷ ከደንገል ቄጠማ በታሰረ ታንኳ እንጨትና ሎሚ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ሲወጣ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ትቀዝፍ ነበር። ባሏ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር፤ አግብቶ ይዟት ወጣ፤ ሥራው ሞጣ ሲያደርሰው እዚያው ቀሩ። ግድግዳችን አንድ ነበር። እኔ በዚህ በኩል ሳነጥስ እሷ በዚያ በኩል "ይማርሽ!" ትለኛለች።

አርባ ዓመት ደጋ ላይ ኖራም ከውኃው አልወጣችም። ልብስ ከማስጣቷ በፊት ሌባ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ወደ ላይ ትቀስራለች፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ትጠይቀዋለች። መስከረም ሲጠባ፣ ከከተማ ወጣ ብለን ስንሄድ፣ ጤፉ ሲዘናፈል ካየች ቆም ትልና "ተመልከቺ፣ ዛሬስ ተቆጥቷል" ትለኛለች። "ማን?" ስላት "ጣና ነዋ" ትላለች። እኔ የማየው ጤፍ ነው። ዓሣ መፍራታችን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አሳቃት። "ሥጋውን ትታችሁ እሾሁን ትውጡና ዓሣ ክፉ ነው ትላላችሁ!"

አንድ ነገር ሲነሳ ብቻ አትስቅም። እናቷ የሞተችው እሷ የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ሳለች ነው። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም ብለው ደበቋት። ስትወልድ አራስ ናት ብለው ደበቋት። የሰማችው ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ነው። ከዚያ ሌላ ልጅ መጣ፣ ከዚያ የባል ሕመም፣ ከዚያ እንዲሁ ዕድሜ። "የእናቴን መቀበሪያ አላየሁም" ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርበትም።

እንግዲህ መንገዱ ደኅና በነበረበት በአንዱ ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የማርያም ማኅበራችን "ጀልባ በኮንትራት ይዘን አንድ ሳምንት ጣና ላይ ገዳማቱን እንሳለም" አለ። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። ለአሥራ አንዳችን ጉዞው መሳለሚያ ነው። ለእሷ ግን ወደ እናቷ መሄጃ ነበር፤ ይህን ያላወቀ ከመሀላችን የለም።

ችግሩ እኛ የምናውቀው የእግር መንገድና አውቶቡስ ነው። ታንጉት የምትባል ወፍራም፣ ሳቂታ ባልንጀራ አለችን፤ በማኅበሩ ቀን እሷ ጀመረች።

"እኔ ከገንዳ የሚበልጥ ውኃ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ምን ይዤ ነው የምሄደው?"

"ቂጥሽን ይዘሽ ነይ፤ ለጀልባው እሱ ይበቃዋል" አለች አትጠገብ።

ከእኛ መሀል ማንበብ የሚችል ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ እኔ ራሴ ያኔ ከስሜ በቀር አልጽፍም ነበር። የሚያዘው ዕቃ ቢዘረዘር ማን ያነበዋል? አትጠገብ ተነስታ መሀል ቆመች። "እኔን እዩኝ" አለች። "ከራሳችሁ ጀምራችሁ ወደ እግራችሁ ውረዱ። የተረሳ ነገር ቢኖር ገላችሁ ያስታውሳችኋል።"

እጇን አናቷ ላይ ጫነች። "ራስ፦ ሻሽ፤ አገጭ ሥር የሚታሰር። ነጠላ ውኃ ላይ ክንፍ ነው፤ ወይ ብቻውን ይሄዳል ወይ ይዟችሁ ይሄዳል። ጆሮ፦ ጥጥ፤ ሞተሩ ይጮኻል። አፍ፦ ሎሚና ዝንጅብል፤ ሆድ ሲገለባበጥ ይነከሳል። አንገት፦ ስልካችሁ፤ በፌስታል ታስሮ ከማተባችሁ ጎን ይንጠልጠል። ትከሻ፦ ጋቢ፤ አንድ። ታንጉት፣ አንድ ነው ያልኩት።"

"አንድ ያልበቃውስ ትከሻ?"

"የጎረቤትሽን ትጋሪያለሽ። ሆድ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ወጥ የሚባል እንዳላይ፤ ጀልባ ሲናወጥ ወጥ ከሰው በፊት ይነሳል። ወገብ፦ አንድ ቅያሪ፤ አንድ ገመድ። እግር፦ ኮንጎ ጫማ፤ ውኃው ገብቶ የሚወጣበት። ሁሉም በፌስታል፣ ፌስታሉ ሁለት ጊዜ ታስሮ ማዳበሪያ ውስጥ። በአንድ እጅ ተነስቶ እስከ ጉልበት ያልደረሰ ዕቃ ጀልባ አይገባም።"

"ውኃስ?" አልኩ እኔ።

"የት ላይ ሆነሽ ነው ውኃ የምትፈልጊው?"

"የሚጠጣውን ማለቴ ነው።"

"ማንቆርቆሪያ እይዛለሁ፤ እናፈላለን።"

ሴቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ የሐይቅ ውኃ ሕመም አለው ብላን ስለነበር ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። ደግሞም ከልጅነቴ ጀምሮ ያልለመድኩት ውኃ ያመኛል። እውነቱን ልናገርና፣ የፈራሁት የሚጠጣውን ይሁን የምንሄድበትን እኔም አልለየሁትም ነበር።

ሲነጋ ልንሄድ፣ በዋዜማው ቤት ለቤት እየዞረች ጥቅሎቻችንን ፈታች። ከታንጉት ማዳበሪያ ዘነዘና አወጣች።

"ይህ ምንድነው?"

"ዘነዘና።"

"መሆኑንማ አየሁት። ጣናን ልትወቅጪው ነው?"

"ምናልባት ቅመም የሚወቀጥ ቢኖር ብዬ ነው እቴ…"

የእኔን አነሳችው፤ ጉልበቷ ደረሰ። "ተባረኪ፤ የቢቸና ሰው ሥርዓት ያውቃል" ብላኝ ወጣች።

እንዲህ ተመዝነንና ተቀንሰን ባለቅንበት ቀን የሞጣ ሰው መጣ። በእኛ ዘንድ ገዳም የሚሄድ እንዳለ ከተሰማ ስለት ያለበት ሁሉ ስለቱን ይዞ ይመጣል። ጧፍ መጣ፣ ዕጣንና ዘቢብ መጣ፣ ሁለት ትልልቅ ጥላ መጣ፣ መጋረጃ መጣ፤ በመጨረሻም ልጇ ከከባድ ሕመም የዳነላት አንዲት ሴት ጥቅል ምንጣፍ በሁለት ሰው አሸክማ መጣች። አይሆንም አይባልም። የሰውን ስለት የመለሰ የራሱ ጸሎት ይመለስበታል ነው የሚባለው። አትጠገብ ምንጣፉን ዞራ ዞራ አየችው።

"ተቀበሉ" አለች ኋላ። "ከራሳችን እንቀንስ።"

የሁላችንንም በሶ በግማሽ አስቀነሰች። የራሷን ጋቢ ከጥቅሏ አውጥታ ሳጥኗ ውስጥ መለሰች።

እኔስ ምን አደረግኩ? ማለዳ፣ ዕቃዬ ታይቶ ካለፈ በኋላ፣ ሃያ አምስት ሊትር ጀሪካን ከቤቴ ቧንቧ ሞልቼ፣ በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ሌላ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት። አውቶቡሱ ላይ የጫነው ልጅ ብቻ ነው ያቃሰተው። ባሕር ዳር ስንወርድ አትጠገብ ሮጣ መጥታ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ።

"ምንድነው እንዲህ የከበደ?"

"ሽሮ ነው" አልኩ።

"ኧረ ሽሮ!" ብላ ሌላዋን ልታግዝ ሄደች።

በማግሥቱ ማለዳ ወደቡ ላይ ተሰለፍን። የጀልባው ባለቤት ጌታነህ የሚባል ጨዋ ሰው ነው፤ የመንሳፈፊያውን ጃኬት አንድ በአንድ አለበሰን። ከጀልባው ጎን በቀይ ቀለም የተሰመረ መስመር አሳየን። "እናቶቼ፣ ይህች መስመር ውኃ ከጠጣች እኔ አልንቀሳቀስም። ከቀትር በኋላ ነፋስ አለ" አለን። ዕቃው ገባ፣ እኛ ገባን። መስመሯ ሰመጠች።

አንዷ የያዘችው ድስት ወረደ። ታንጉት ደብቃ ያመጣችው ሁለተኛ ጋቢ ተገኝቶ ወረደ። ከበሶውም ወረደ። መስመሯ አሁንም ውኃ ውስጥ ናት።

"ሃያ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ቢቀንስልኝ ይበቃኛል" አለ ጌታነህ።

"ምንጣፉ ይቅራ!" አለች አንዷ።

"የሰው አደራ ወደብ ላይ ጥለን? ሞጣ ስንገባ ምን ልንላት ነው?" አለች ሌላዋ።

እኔ ሃያ አምስት ኪሎዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ጋቢው ያሞቀኝ ይመስል ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ከፊቴ ውኃ ነው፤ ዳር የለው፣ ማዶ የለው። እዚህ መሀል "ከቤቴ ውኃ ተሸክሜ መጥቻለሁ" ብል አሥራ አንድ ሴት ይስቅብኛል፤ ሞጣም ስንመለስ ይስቃል፤ ቢቸናም ይሰማል። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ የፈራሁት ያንን ሳቅ ነው። ቀሚሴን ማዳበሪያው ላይ ዘረጋሁ።

አትጠገብ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "ጌታነህ ልጄ፣ እጅህን ስጠኝ። እኔ ልውረድ።"

"እማማ፣ እርስዎ? ሁሉን ያሰናዱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ተሰናድቷላ።"

ታንጉት ብድግ ስትል ጀልባው ተወዛወዘ። "አትጠገብ፣ እናትሽ! እኔ ልቅር፤ እኔ ሁለት ሰው አክል የለም?"

"ተቀመጪ፤ አንቺ ከወረድሽ ጀልባው ቀልሎት ይበራል። እኔ የተወለድኩበት ውኃ ነው፤ የትም አይሄድብኝም።"

"ዕቃው ሲራገፍ ቦታ ይገኝ ነበር፤ ግን ያኔ ሩቅ ነን፤ ሳምንት ሳይሞላ ወደዚህ አልመለስም" አለ ጌታነህ አንገቱን ደፍቶ። እሷ ቀድማ ወርዳለች። አርባ ኪሎም የማትሞላ ሴት ብትሆንም፣ መስመሯ እንደገና ብቅ አለች።

ወደቡ ላይ ቆማ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። "አንቺ የቢቸናዋ። ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ። እናቴ ያለችበትን አይተሽ ትነግሪኛለሽ፤ አንድ ሳታስቀሪ። አፈር ምናምን ብለሽ ደግሞ እንዳታመጪ፤ ዕቃ ይበዛል።"

ሞተሩ ተነሳ። ዞር ብዬ ሳይ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ ነፋሱን ትለካልናለች።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ፊቴን ሸፍኜ ልጨርሰው ነበር የመጣሁት። አሁን ግን እንዴት አድርጌ? ሰው ዓይኑን ሰጥቶኝ ቀርቷል። ሻሼን አጥብቄ አየሁ። ነጫጭ ወፎች በአንድ መስመር ውኃውን ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው ሲያልፉ አየሁ። ማለዳ ውኃው ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ሲተኛ፣ ከቀትር በኋላ እንደ ጎሽ ሲነሳ አየሁ። ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ዘንድ እኛ ከጀልባው ሳንወርድ፣ መነኩሴ ወደ ዳር ወርደው ጥላውንና መጋረጃውን ሲቀበሉን አየሁ። ምንጣፉን ሲያነሱ "የማን ነው?" ሲሉ የሴትዮዋን የክርስትና ስም የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ምሽት፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዳር ላይ ዕቃ ስናወርድ ታንጉት ማዳበሪያዬን ጎተተችውና ጀሪካኑ ተንከባለለ። ቆመች። ጀሪካኑን አየች፣ ከኋላው የተዘረጋውን ጣናን አየች፣ እኔን አየችኝ።

"አንቺ! ውኃ ነው?"

"ውኃ ነው።"

የጠበቅኩት ሳቅ አልመጣም። አንድም ሴት አልሳቀችም። ሁሉም ሃያ አምስትን እየቆጠረ ነው። ብትስቁ ይሻለኝ ነበር እላለሁ እስከዛሬ። ታንጉት አጠገቤ ቁጭ አለችና "እንዳትነግሪያት" አለችኝ። "ለአንዲት ጀሪካን መቅረቷን ከምትሰማ፣ ለስለት እንደቀረች ብታውቅ ይሻላታል።" ከዚያ ጀሪካን ጠብታም አልቀመስኩም። አትጠገብ በተወችልን ማንቆርቆሪያ የፈላውን የጣና ውኃ ጠጣሁ፤ ምንም አላደረገኝም።

በአራተኛው ቀን ደሴቷ ደረስን። ከወፍጮ ቤት ጓሮ እምብዛም የማትበልጥ መስላ ከሩቅ ታየችኝ፤ ስንቀርብ ሰፋች። አንዲት ጎባጣ አሮጊት ዳር ላይ እግራቸውን ይታጠባሉ። "የታንኳ ቀዛፊው ልጅ አትጠገብ…" ብዬ ሳልጨርስ "ያቺ ቀጭኗ!" አሉ። "ወንዱን በመቅዘፊያ የምታስንቀዋ! በሕይወት አለች?" "አለች" አልኳቸው። በትራቸውን ይዘው መርተው ወሰዱኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ድንጋይ የለው ምልክት የለው፣ ቡና በቅሎበታል። "እዚህ ነች" አሉኝ። "ስትሞት ያቺን ልጅ አትንገሯት፣ እርጉዝ ናት ያለችውም እሷ ራሷ ናት።" ከቡናው ሥር ሆኖ ውኃው ይታያል። ቡናዎቹን ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ናቸው። እርምጃዬን ቆጠርኩ። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ሌባ ጣቴን አስረጥቤ አየሁ።

ስንመለስ አትጠገብን ወደቡ ዳር፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተቀምጣ መረብ ስትጠግን አገኘናት። ሳምንት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አድራ ቀኑን እዚያ ነው የዋለችው። አጥማጆቹ "እናታችን" ይሏታል። ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ "ዓይንሽን ጨፈንሽ?" ብላ ነው። ከባሕር ዳር ሞጣ እስክንገባ አውቶቡሱ ውስጥ ነገርኳት። እናቷ ራሷ "አትንገሯት" ማለቷን ስነግራት መስኮቱን እያየች "እሷ ናት? እሷ ናት ያለችው?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በዘመዶቿ ቂም ይዛ ነበር ለካ፤ ያን ቀን አወረደችው።

ጀሪካኑን ግን አልነገርኳትም።

በዓመቱ እንሄዳለን አልን፤ መንገዱ እምቢ አለ። በሌላው ዓመት ልቧ ደከመ፤ ከሐኪም ቤት ሲመልሷት ደረጃ አትውጪ አሏት። እኔ በየቀኑ ጎኗ እቀመጣለሁ። የዋህ ሆኜ አይደለም፤ ዕዳ ነበረብኝ። ቢቸና ከመሄዴ በፊት ባለው ሳምንት፣ ፀሐይ አልጋዋ ላይ ስታርፍ፣ ልደብቃት አልቻልኩም።

"አትጠገብ፣ ያን ቀን ከጀልባው የወረድሽው በእኔ ነው።"

"በምን?"

"ጀሪካን ይዤ ነበር። ውኃ። ተቀምጬበት ነበር።"

ትራሷ ላይ ሆና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው።

"ከመቼ ወዲህ ነው ሽሮ ቦጭ ቦጭ የሚለው?" አለችኝ። "አውቶቡስ ተራ ላይ ጫፉን የያዘው ማን ሆነና?"

"አውቀሽ ነው? አውቀሽ ነው የወረድሽው?"

"ብናገር አንቺ ትወርጃለሽ። በሰው ፊት አፍረሽ ከወረድሽ ደግሞ ዕድሜሽን ውኃ ላይ አትወጪም። የፈራ ሰው የያዛትን ነገር አይቀሙትም፤ አባቴ ታንኳ ላይ እንዲህ ነበር የሚለው።"

"እናትሽ ዘንድ ሳትደርሺ ቀረሽ እኮ!" አልኩ። አለቀስኩም።

እጄን ያዘችኝ። ክንዷ ቀልሎ ቀልሎ የቆሎ ስልቻ አያህልም።

"ደርሻለሁ እንጂ። አንቺ የቢቸናዋ፣ ውኃ የምትፈራ ሴት ባትሄድልኝ ኖሮ ያን ሁሉ ማን ያይልኝ ነበር? ያልፈራ ሰው እንዲያ አድርጎ አያይም።" ዓይኗን ጨፈነች። "በይ አሁን ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። ቡናዎቹ ጋ ስትደርሺ አትፍጠኚ።"

ወንበሬን አስጠጋሁ። "ማለዳ ነው" አልኳት። "ነፋስ የለም።"